ገንፎ የማይበላበት ቤት

ጥር 3 ቀን 2008

ዛሬም ውቢት ቤት። ወሯ ገብቷል። ጤና ጣቢያ ነይ፣ የእናቶች ማቆያው ንፁህ ነው፣ አንሶላው ተቀይሯል... ያው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንግግር። ራሴኑ ሰለቸኝ። እሷ ድንች እየላጠች ሰማችኝ።

«ባለፈው እዚያው ወለድኩ አይደል? በጀርባዬ አስተኝተው፣ ያ ጎረምሳ አዋላጅ እያየኝ፣ በሩ ክፍት። ተንበርክኬ ልውለድ ብል ተቆጡኝ። አሁን እንደ እናቴ እዚሁ ቤቴ ተንበርክኬ እወልዳለሁ። ገላው የኔ ነው፣ እህቴ።»

እውነቷን ነው። ግን ጎረቤቷ ሸጋም አምና እዚሁ ሰፈር ቤቷ ወልዳ፣ ደሟ አልቆም ብሎ፣ ቃሬዛ እስኪገኝ ድረስ... እጇን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ጥር 5

የጤና ጣቢያውን አዋላጅ ጠየቅኩት። ተንበርክካ ብትወልድ ምን አለበት? ሳቀ። «አልጋው ታዲያ ለምን ተገዛ?»

ደከመኝ።

ጥር 8

የቀበሌ ስብሰባ። «ከቤት ወሊድ ነፃ» ለመባል ተቸኩሏል። ሊቀመንበሩ አቶ ይሄነው ተነሱ። «ቤቷ የወለደች ሴት ገንፎዋን የሚበላላት የለም። እልል የሚልላትም የለም። ደጇን የረገጠ ይጠየቃል።»

አራስ ያለ ጎረቤት? እንዲህ ያለ ነገር ማን ሰምቶ ያውቃል... እጅ አውጡ ተባለ። ሸጋ ትዝ አለችኝ። አወጣሁ። ከሞት ይሻላል ብዬ... ይሻላል?

ጥር 12

ጥምቀት አለፈ። ውቢት ታቦት ልትሸኝ አልወጣችም።

ጥር 17

ውቢት ትናንት ወልዳለች። እኔ የሰማሁት ዛሬ ረፋዱ ላይ።

ባሏ ደርበው ከሰል ሊሸጥ ጫግኒ ወርዷል። ምጡ ሲጠናባት ተጣርታለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ማንም አልገባም። እትብቱን ራሷ ቆረጠች። ስደርስ ልጁን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ቀዝቅዟል።

«አንዴ አለቀሰ። ከዚያ ራሴን ሳትኩ። ስነቃ...» አለችኝ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ጓሮ ለጓሮ የምትኖረው ፍቅርአዲስ ላይ ጮህኩባት። እንዴት አንድ ሰው እንኳ አትልኪብኝም?

«ጠርቼሽ፣ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር ብባልስ? አንቺም እኮ እጅሽን አውጥተሻል።»

ውቢትን በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ የተሸከሟት እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው። እንጅባራ ሆስፒታል ተኝታለች። ትድናለች ብለውኛል።

ጥር 25

ነጩ ባንዲራ ተሰቀለ። ቀበሌው ከቤት ወሊድ ነፃ ተባለ። የውቢትስ? «እሱ ድንገተኛ ነው» አሉ አቶ ይሄነው። ውሳኔው ይነሳ አልኩ። «አሁን? ከወረዳ እንግዳ ሊመጣብን?» ብለው ተቆጡ። አብሮኝ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የካቲት 9

እርጉዞቹ ድሮ ገና ሲያቅለሸልሻቸው ነበር መጥተው የሚነግሩኝ። አሁን ስመጣ ሲያዩኝ ወደ ጓዳ ይገባሉ።

ፍቅርአዲስን ደጇ ላይ አገኘኋት። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባለች። ስንት ወርሽ ነው?

«የምን ወር?»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት። «ምጡ ሲይዝሽ ጥሪኝ። ቤትሽ እመጣለሁ። ብትፈልጊ ተንበርክከሽ፣ ብትፈልጊ ቆመሽ... ለማንም አልናገርም። ብቻ ጥሪኝ።»

ዓይኔን አላየችኝም።

«እርጉዝ አይደለሁም አልኩሽ እኮ።»

ወደ ውስጥ ገባች። በሩን ስትዘጋ ሆዷ መዝጊያውን ነካው።