በረኛው ፓድል ሊያስተምር ነው

ሰኞ

እምቢ አላልኩም፣ እሺም አላልኩም። ከዲላ ሰው ሁሉ ለምን እኔ ተመረጥኩ?

ወይዘሮ ሙና ከሆቴሏ ጀርባ ያሠራችውን የፓድል ሜዳ ዛሬ አሳየችኝ። ቴኒስ የሚመስል ጨዋታ ነው፤ ግን ዙሪያው በመስታወትና በሽቦ ታጥሯል። ኳሷ መሬት ነክታ ከኋላህ ያለውን መስታወት ብትመታም ጨዋታው አይቆምም፣ ስትመለስ ትመታታለህ። ቡና ሊገዙ ከአዲስ አበባ የሚመጡት እንግዶች ሥራ ሲፈቱ ስለሚነዘንዟት ነው አሉ ያሠራችው።

"ጋሽ ታደሰ፣ አሰልጣኝ ሁንልኝ" አለችኝ።

ዕድሜዬን በእግር ኳስ በረኝነት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ኋላ የትምህርት ቤት በረኞችን አሰለጠንኩ፤ ዘንድሮ ቡድኑ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጫማዬን አስሬ የምሄድበት የለኝም። ሥራውን በጣም እፈልገዋለሁ። የምጠረጥረውም ለዚህ ነው።

የእህቴ ልጅ ሕይወት እዚያው ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ምን ተንኮል እንዳለበት ጠየቅኳት።

"አጎቴ፣ ተንኮል የሌለበት ነገር መኖሩን አታምንም?"

"አምናለሁ። ዲላ አልደረሰም እንጂ።"

ማክሰኞ

ጠዋቱን ሙሉ ጨዋታውን በስልክ ስመለከት ቆየሁ። በረኝነትንም ያስተማረኝ ሰው የለም።

ራኬቱ ክር የለውም፤ ቀዳዳ የበዛበት መጥበሻ ነው። ከሕይወት ጋር ሞከርን። ኳሷ በጎኔ ልታልፍ ስትል መጥበሻውን ጥዬ ተወረወርኩና በሁለት እጄ ያዝኳት። ክርኔ ተላጠ። አስተናጋጆቹ አጨበጨቡ። ሕይወት ግንባሯን ያዘች።

"አጎቴ፣ ትለፍ በቃ። መስታወቱ ይመልስልሃል።"

ትለፍ! ከኋላዬ ባለፈች ኳስ ሰፈር ሙሉ ሰው ሰድቦኛል፤ ከተሳዳቢዎቹ አንዷ እናቴ ነበረች። ደግመን ሞከርን። ደግሜ ያዝኳት።

ረቡዕ

ሕይወትና ወይዘሮ ሙና ይንሾካሾካሉ። ስገባ ዝም አሉ። አንድ ነገር ግን ሰምቻለሁ፦ ከሐዋሳ የሚመጣ አሰልጣኝ ቅዳሜ ይደርሳል። ልጠይቅ አፌን ስከፍት ወይዘሮ ሙና ሻይ ጋበዘችኝ። ወይዘሮ ሙና በነፃ ሻይ ስትጋብዝ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር።

እስከ ቅዳሜ መቆያ ነኝ ማለት ነው። ማን ከማን ጋር እንዳበረ ማጣራት ነበረብኝ። ለሕይወት ብቻ፣ በምስጢር፣ የገደብ ከተማ እግር ኳስ ቡድን በረኞች አሰልጥንልን ብሎኛል፣ ልሄድ ነው አልኳት። ውሸት ነው። የገደብ ሰዎች መኖሬንም አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሙና፣ "ገደብ ልትሄድ ነው አሉ?" አለችኝ።

ተያዘች። ወሬ አቀባይዋ የገዛ እህቴ ልጅ ናት።

ሐሙስ

ሕይወት ሰላም ስትለኝ ጣሪያውን አየሁ።

የመጀመሪያ ተማሪዬ መጣች። መምህርት አስቴር ትባላለች፤ ሒሳብ ታስተምራለች፣ ኳስ ትፈራለች። ኳሷ ስትመጣ ዓይኗን ጨፍና በራኬቱ ፊቷን ትሸፍናለች። ራኬቱን ተቀበልኳት። ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙሬ አቆምኳትና ከጀርባዋ ኳስ በላይዋ እየወረወርኩ፣ ነጥራ ስትመለስ በእጇ እንድትቀልባት አደረግኩ። በረኞችን በግድግዳ ያስተማርኩት እንዲህ ነው። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን መጨፈን ተወች።

"አትቸኩዪ፣ ትለፍሽ፣ ትመለሳለች" እላታለሁ። የማን አፍ እንደሆነ ገረመኝ።

ከሄደች በኋላ ከአንዱ አስተናጋጅ ጋር ራሴ ሞከርኩ። ልወረወር ስል ጥርሴን ነከስኩ። አለፈች። መስታወቱን ነክታ ሆዴ ፊት መጣች፣ መታኋት፣ መረቡን ተሻገረች። ከአስተናጋጁ በቀር ማንም አላየም። ሰው የሚሰበሰበው ስወድቅ ነው።

ዓርብ

የምጠረጥራቸው፦

ወይዘሮ ሙና፣ ስለ ሻይዋ።
ሕይወት፣ ስለ ምላሷ።
አስቴር። ነገም እመጣለሁ ብላለች። ማን ነው በራሱ ፈቃድ ለሁለተኛ ቀን እኔ ዘንድ የሚመጣ?
ቀኝ ጉልበቴ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ሕይወት ጃንጥላ ይዛ መጣች።

"ምን አደረግኩህ፣ አጎቴ?"

"ገደብ" አልኳት።

ሳቀች። "ውሸት መሆኑን ያኔውኑ አውቄያለሁ፤ ስትዋሽ አንገትህን ታካለህ። ወይዘሮ ሙና የሐዋሳውን ልጅ ዝም ብላ ልትቀጥረው ነበር። አጎቴን ሌላ ቦታ ይፈልጉታል ስላት ደነገጠች። አሁን ሁለታችሁንም ሳታይ አትወስንም።"

ላምናት ፈለግኩ። ግን አንገቴን አክኬ አላውቅም።

ቅዳሜ

የሐዋሳው ልጅ ናትናኤል ይባላል። ይጫወታል፣ አልዋሽም። ኳሷ የምትታዘዘው ለእሱ ብቻ ይመስላል። አንድ ጨዋታ ገጠምኩትና አፈርኩ።

ወይዘሮ ሙና ግን፣ "መጫወታችሁን አየሁ። ማስተማራችሁንስ?" አለች። አስቴርን ለሁለታችንም በተራ ሰጠችን። ናትናኤል ግማሽ በእንግሊዝኛ ስለ ክርንና ስለ ትከሻ አስረዳትና ኳስ ላከባት። ዓይኗን ጨፈነች፣ ፊቷን ሸፈነች። የእኔ ተራ ሲደርስ ወደ መስታወቱ አዞርኳት፣ ቀለበች። ከዚያ ራኬቱን ሰጠኋት። የመጀመሪያዋን ሳተች። ሁለተኛዋን መታች፣ ኳሷም መረቡን ተሻገረች።

"ወላሂ፣ ይቺ ያችው ናት?" አለች ወይዘሮ ሙና።

ፍርዱ፦ እንግዶቹን እሱ፣ ጀማሪዎቹን እኔ። ለሁለት ወር። ከዚያ ይታያል። "ይታያል" ስትል ሕይወትን አየቻት። ለምን አየቻት?

እሑድ

ከቸርች ስወጣ ናትናኤል በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"ጋሼ፣ ያንን የመስታወት ልምምድ ያሳዩኝ። እኔ ጀማሪ ማስተማር አልሆነልኝም።"

እንዲህ ያለ ትሕትና በደህና አይመጣም። እሱ ከቻለው እኔ ለምን አስፈልጋለሁ? ይህንን እያሰብኩ ሜዳው ድረስ አብሬው ሄድኩ። ግማሹን አሳየሁት። በምትኩ ትናንት ያሳፈረኝን የእጅ ጀርባ ምቱን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ደስ ብሎት አሳየኝ፤ መሀል ላይ ግን እሱም አንድ ነገር የዘለለ መሰለኝ።

ሳንግባባ አንቀርም።