እኛ የምንተነፍሰው ከታች ነው

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤ እንዴት ከርመሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

እኔ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቻለሁ። በከተማችን አየር ውስጥ ያለውን፣ ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳውን የኦዞን ጋዝ በሳተላይት፣ ጣሪያ ላይ በተተከለ መሣሪያና እኔ መለኪያ አስሬ በምለቀው ፊኛ እንለካለን። ሳተላይቱ አየሩ ደህና ነው አለ፤ ፊኛውና መሣሪያው ግን መሬት አጠገብ ጋዙ በዝቷል አሉ።

«የፊኛሽን ቁጥር ሰርዢው፤ ሳተላይት አይሳሳትም» አለኝ አለቃዬ።

«አልተሳሳተም። እሱ ግን ከላይ ነው የሚያየው፤ እኛ የምንተነፍሰው ከታች ነው!» አልኩት።

ዓይኑ እያየ ሌላ ፊኛ ለቀቅሁ፤ ቁጥሩ ያው ሆነ። አሁንም ሰርዢ ሲለኝ «እጄ ይቆረጣል እንጂ አልሰርዝም!» ብዬ ሦስቱንም ልኬት ለከተማው ጤና ቢሮ ላክሁ። ከሥራ ታገድሁ፤ ይሁና!

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ተቀምጣ መተኛት ስለለመደች ትራሶቹን ሁሉ ሰጥተናታል። ከሰዓት በኋላ መስኮቷን እዘጋለሁ፤ ለአቧራው ነው።

ዛሬ ከጤና ቢሮው ተደውሎ «ነገ መጥተሽ አስረጂን» ተባልኩ። እማዬ ይህን ስትሰማ «እንዳትፈሪ፤ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው» አለችኝ። ይቺን ለማለት መሃል ላይ ሁለቴ አረፈች።

እነግራቸዋለሁ! አንተ ብቻ ፈቃድ ካገኘህ ቶሎ ና፤ ለሌላ አይደለም፣ ናፍቀኸን ነው። ደህና ሁንልኝ።

ግትሯ እህትህ