«ትኩረት ትፈልጋለች»

ኅዳር 3
ለአባቴ ለአቶ ፈንታ፣ ለእናቴ ለወይዘሮ ጥሩዬ፣ ለታላቅ ወንድሜ ለይበልጣል፣ ለባለቤቱና ለልጆቹ፣ ለአክስቴ ለጠጂቱ፣ እንደ ምን ሰንብታችኋል? እኔ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ደኅና ነኝ… ለአጎቴ ሚስት ለሸዋገነት ግን ሰላምታ የለኝም። እትዬ የምላት ፊቷ ላይ ብቻ ነው።

ይህ ደብተር ለማንም አይላክም። ታዲያ ሰላምታውን ለምን ደረደርሁ? አራት ዓመት ተምሬ መጻፍ የለመድሁት ደብዳቤ ብቻ ነው። ሌላ አጀማመር አላውቅም።

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ምን አለሽ ተራ፣ ጋሽ ነስረዲን ዘንድ፣ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ ስቆርጥ ዋልሁ። ሳይመሽ እኅቴ ማርያማዊት ከትምህርት ቤት መጣች። አሥራ አራት ዓመቷ፣ ሰባተኛ ክፍል። የምትኖረው አጎታችን ጋሼ ቦጋለ ቤት ነው። ሹራቧን ጥላለች። በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛው።
«የት ጣልሽው?»
«እኔ እንጃ።»
ሁልጊዜ እኔ እንጃ።

ኅዳር 9
መምህርቷ በሒሳብ ደብተሯ ላይ በቀይ ጽፋለች። «ማርያማዊት ትኩረት ትፈልጋለች። ወላጅ ይምጣ።»

ማታ አጎቴ ቤት ሸዋገነት አንብባ ሳቀች። «አየህ? ትኩረት ፈላጊ ናት። በዚህ ዕድሜዋ የማንን ዓይን እንደምትፈልግ እኔ ልንገርህ?»

ጋሼ ቦጋለ ከስልኩ ቀና አላለም። «ዱባይ ተራ ሱቄን ዘግቼ አስተማሪ ፊት አልቆምም። ፈተና ከወደቀች ወደ አባቷ ትሳፈራለች።»

ወደ አባቷ… አገር ቤት ምን እንደሚጠብቃት አውቃለሁ። ባል። ደብተሩን አጥፌ ወጣሁ።

ኅዳር 10
ሹሩባዋን አስፈታኋት። ከጓደኛዋ ከሎዛ ጋር እንዳትሄድ ከለከልኋት።
«ምን አደረግሁ፣ ወንድም ጋሼ?»
«ራስሽ ታውቂዋለሽ።»
«አላውቅም።»
መታኋት። በእጄ ጀርባ፣ አንድ ጊዜ።

ኅዳር 11
አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 16
ትምህርት ቤት ሄድሁ። ዘበኛው፣ «ወላጅ ነህ?»
«ወንድም ነኝ።»
«ወላጅ ነው የተባለው።»
ግማሽ ሰዓት ቆምሁ። ልመለስ ስል መምህርት ወርቅዬ ወጣች። መንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁትን ተናገርሁ፤ እኅቴ ዓይን በመፈለጓ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ቀጥቻታለሁ…

«ምን አድርጋ ነው የቀጣኻት?»
«ትኩረት ትፈልጋለች ብለው ጽፈዋል።»
«እዩላት አልሁ እንጂ እዩኝ አለች አልሁ?»

መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር።

ልጅቱ ሰነፍ አይደለችም አለች። ሐሳቧ አንድ ቦታ አይቆይላትም፤ ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ ሌላ ዘንድ ደርሳለች። ወደ ፊት ወንበር አዛውራታለች። ሐኪምም ቢያያት መልካም ነው አለች።
«እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ። ሒሳቡን ከየት አምጥቼ?»
«ሒሳቡን እርሷ ትሥራ። አንተ አጠገቧ ተቀመጥ። አምስት ጥያቄ ካለ አራቱን ሸፍንላት። አንዱን ስትጨርስ ትነሣ፣ ውኃ ትጠጣ፣ ትመለስ። ስታዛት አንድ ነገር ብቻ እዘዛት። ደግሞ እጅህን ሰብስብ።»

እርሷን ቀልብሽን ሰብስቢ ስንል ኖረን፣ እጅህን ሰብስብ የተባልሁት እኔ።

ግን መምህርቷስ? ሁለት ቃል ጨምራ ብትጽፍ ቀለም ያልቅባት ነበር?

ኅዳር 19
ማርያማዊትን ይቅርታ ጠየቅኋት። «እሺ» አለች፤ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

ሥራ ቤታችን በርሜል ላይ ደብተሯን አስቀመጥን። ጥያቄዎቹን በቁራጭ ቆርቆሮ ሸፈንሁ። ዙሪያችን መዶሻ ነው። በዚህ ሁካታ ማን ይማራል ብዬ ነበር… ሦስት ሠራች።

ጋሽ ነስረዲን፣ «ምን አለሽ ተራ የማይገኝ ዕቃ የለም፤ ቀልብሽንም ፈልገን እናወጣልሻለን» አሏት።
«ከተገኘ የተጣመመ ይሆናል» አለቻቸው።
«አቃንቶ መሸጥ የእኛ ሥራ ነው።»

ኅዳር 27
ሸዋገነት በአንድ ትንፋሽ፣ «ሽንኩርት ላጪ፣ ልብስ አስጪ፣ ሱቅ ምሳ አድርሺ፣ ስትመለሺ ከሰል ያዢ!» ከሰሉ ተረሳ። ከዚያ ስድብ፤ ደንቆሮ፣ ቀልበ ቢስ።

«እትዬ፣ አንድ በአንድ ቢያዟት…» አልሁ።
«አቶ አራተኛ ክፍል፣ አሁን ደግሞ አስተማሪ ሆንህ?»

እጠላታለሁ። ይህን መጻፍ ኃጢአት ከሆነ ይሁን።

ታኅሣሥ 12
ሒሳብ ከአሥር ስድስት አመጣች፤ ያለፈው ሁለት ነበር። እንግሊዝኛ ግን ደብተሩን ራሱን ጥላዋለች። ጮኽሁባት። እጄን ሰብስቤአለሁ፤ አፌን ገና።

ታኅሣሥ 25
ሸዋገነት ለክርስትና ድግስ ዕቃ እንድታጥብ ሁለት ቀን ከትምህርት አስቀርታታለች። ይባስ ብሎ ጋሼ ቦጋለ ጥር 13 አገር ቤት በሚሄድ መኪና ላይ ቦታ ይዞላታል። ፈተናው ጥር 18 ነው። እስክትወድቅ እንኳ አልጠበቀም!

ልለምነው ሱቁ ሄድሁ። ጫማ ከሚለኩ ሰዎች መካከል ቆምሁ።
«ምን ፈለግህ?»
«ምንም።»
ምንም… ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥር 6
ትናንት ጋሽ ነስረዲንና ባለቤታቸው እትዬ ሐዋ የጓሮ ክፍላቸውን ለቀቁልን። ማርያማዊትን ከነቦርሳዋ አመጣኋት። አሳዳጊነቷ ወደ እኔ እንዲዞር ትምህርት ቤቱ የአጎቴን ፊርማ ይፈልጋል፤ አለዚያ በመዝገብ አሳዳጊዋ እርሱ ስለሆነ ከፈተና ሊያስቀራት ይችላል። ፊቱ ቆሜ መናገር ስለማልችል ጻፍሁ። ግልባጩ ይኸው።

ጋሼ ቦጋለ፣
ማርያማዊት ከእኔ ጋር ናት፤ አትመለስም። መኪናው ላይ የያዙላት ቦታ ባዶ እንዳይሄድ እትዬ ሸዋገነት ይሂዱበት። ቤትዎ ሁለት ዓመት ዕቃ አጥባለች፤ አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጦ «የቱ ከበደሽ?» ያላት የለም። እኔም አላልኋትም፤ ይባስ ብዬ መትቻታለሁ። የእኔን እኔ እሸከማለሁ።
የአሳዳጊ ቅጹ ከዚህ ጋር ተያይዟል። በስተቀኝ እኔ ፈርሜአለሁ፤ በስተግራ የእርስዎ ነው። እፈራዎታለሁ፤ ቢሆንም ካልፈረሙ ቅጹን ደግሜ እልካለሁ።
ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም? ወረቀቱን ያመጡልዎት እትዬ ሐዋ ሱቁ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። መልሱን አሁኑኑ በእጃቸው ይስጡኝ።