አምባ ፈሪት ያልኩህ እኔ ነኝ

አሰፋዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከሄድክ ይኼው ሦስት ክረምት አለፈ። በርዶሃል ወይ ብዬ አልጠይቅህም፣ ብርዱ እኛ ጋ ነው ያለው። በቅሎህ አርጅታለች፤ መንገደኛ ስታይ ግን አሁንም ጆሮዋን ታቆማለች። ሥራህን የልጅ ልጅህ ትዕግሥት ይዛዋለች፣ ከተሜውን ተራራ ታወጣለች። ሴት ልጅ መንገድ መሪ ሆነች ብለው መካነ ሰላም ገበያ ላይ ሲያሟት፣ እሷ እግር አላት፣ የናንተ ምላስ ብቻ ነው ብያቸዋለሁ።

አሁን ከደሴ አምስት ሰዎች መጥተውባታል። ያው ሰው ሁሉ የሚወዳቸው ሁለቱ መንገዶች ናቸው፤ ወይ በደንቆሮ ጫካ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እያዩ መውጣት፣ ወይ አምባ ፈሪት ጫፍ። የቤታችንን ደንብ ታውቀዋለህ። የሚሄድ ሰው አይመርጥም፤ ቤት የምትቀረው ናት በዚህ ሂድ ብላ የምትመርቀው። ከትናንት ጀምሮ ፊቴ ቆማ ምረጪልኝ ትለኛለች።

ምኑን ልምረጥላት? አንተም እንዲሁ ጭነህ ጨርሰህ ቆመህ ጠየቅከኝ። በአምባ ፈሪት በኩል ሰማዩ መጥቆሩን አይቼ ነበር እኮ። ግን ማታ እንድንለብሰው ያስጀመርኩት ባና ጠጉር አንሶት ነበር፣ የአቀስታ ጥቁር የበግ ጠጉር አማረኝ። በአምባ ፈሪት ሂድ፣ ሰዎቹን አቀስታ መኪና ስታሳፍር ጠጉር ትገዛልኛለህ አልኩህ። አብሽሪ ብለህ ሳቅክ። ብቻህን ስትመለስ ጉም ዋጠህ። በቃሬዛ ሲያመጡህ ጠጉሩ ጀርባህ ላይ እንደታሰረ ነበር፣ ርሶ።

እኔ ምን አልኩ? ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ፣ በደንቆሮ ሂድ ብለው እምቢ አለኝ፣ እልኸኛ ነው አልኩ። አፈር ሳይደርቅብህ አማሁህ። ትዕግሥትም ይኸው እስከ ዛሬ አያቴን እልኸኝነቱ ገደለው ትላለች።

ይኼን የምትጽፍልኝ እሷ ናት። እኔ ከስሜ በቀር እንደማልጽፍ ታውቃለህ። እዚህ ላይ ብዕሯ ቆመ። ጻፊ አልኳት። ቀና ብላ፣ "እምዬ፣ ታዲያ እኔን በየት ትልኪኛለሽ?" አለችኝ።

ደንቡን አፈረስኩት፣ ራስሽ ምረጪ አልኳት። አምባ ፈሪትን መረጠች። አያቴ የወደቀበት ቦታ ላይ ድንጋይ ልከምርለት አለች።

እንግዲህ ነገ ትወጣለች፣ እኔም ደጅ ላይ እቀመጣለሁ። እዚያ አካባቢ ካለህ በናትህ ጉሙን ግለጥላት። ጠጉሩን እስከ ዛሬ አልፈተልኩትም፣ አልፈትለውምም። ከእንግዲህ አሰፋን በዚያ ማን ላከው ላለኝ ሁሉ፣ እኔ ነኝ እላለሁ። አንተ ጋ እስክመጣ የማስታውስህ እንዲህ ብዬ ነው።