እጇን ስታነሳ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የተሰበረው ትከሻሽስ ጠገነልሽ? ከአደጋው ወዲህ ድምፅሽ ጠፋብኝ። እኔ ከልጄ ከሙጬ ሐዘን በቀር ደህና ነኝ።

«ልጅቷን መኪናው የተገለበጠበት ቦታ ወስዳ ታሳያት፤ አልቅሳ ይውጣላት» ብለሽ በጎረቤቴ በኩል የላክሽው ደርሶኛል። እኔም እንዳንቺው አስቤ ነበር። የመጀመሪያው ሐኪም ገና በገባች ዕለት ጣቱን በዓይኗ እንድትከተል እያደረገ አደጋውን አስታውሺ አላት። ሕክምናው ስንቱን አድኗል አሉ፤ ለእሷ ግን ጊዜው አልነበረም። ልጄ፣ ያንቺም ልጅ፣ እዚያው እንደተቀመጠች አእምሮዋ ሄደብኝ። አባቷ ሲጮህባት ፍዝዝ ትል እንደነበረው፣ ግን የባሰ። ቤት ስንገባ በሕፃን ድምፅ፣ «እትዬ፣ እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። እኔን፣ የወለድኳትን! 

አሁን የምታክማት ረጋ ያለች ሴት ናት። ልጅሽ የማትችለውን የቻለችው ራሷን ከፋፍላ ነው አለችኝ። ትንሿ፣ በሕፃን ድምፅ የምታወራው፣ ስትመጣ አታባርሪያት፣ አትመርምሪያትም፤ ቤቷ እንዳለች፣ አደጋው እንዳለፈ ብቻ ንገሪያት አለች። ለወራት ስለ አደጋው አላነሳችባትም። መመለስን ነው ያስተማረቻት፤ ዓይኗን ገልጣ፣ እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ፣ የምታየውን መጥራት። ሲከብዳት እጇን ታነሳለች፤ እጅ ከተነሳ ነገሩ ይቆማል። እኔም ጨርቁን በረጅም ክር ያዝ ያዝ ሳላደርግ የስፌት መኪናው ላይ አላወጣውምና ገባኝ። ስኳሩን ማን እንደጨረሰው ትልቋና ትንሿ ባይስማሙም፣ አብሮ መኖሩን ለምደነዋል።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ዘንድ ራሷ ፈልጋ ስለ አደጋው መናገር ጀመረች። አጠገቧ እንድሆን ጠይቃኝ ነበር። መኪናው ሲንከባለል፣ ሙጬዬ እጇን ጭምቅ ሲያደርግ፣ ሁሉንም ቀስ እያለች አወራች። «ከዚያ ሙጬ እንዲህ አለኝ» ብላ እጇን አነሳች።

ሐኪሟ ወዲያው አቆመች። እህቴ፣ የልጄ የመጨረሻ ቃል አፏ ላይ ነበር! ጨርሺው ልል ከንፈሬ ተላቀቀ። ዋጥኩት። ልጅሽ ወለሉን ረገጥ አድርጋ መጋረጃውን ጠራች፣ መስኮቱን ጠራች። ከዚያ ወደ እግሬ አየችና፣ «እማዬ፣ ጫማሽን ግራና ቀኝ አቀያይረሽ ነው የመጣሽው?» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነበር። ሦስታችንም ሳቅን። ወንድሟ ከሄደ ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቃሉን አንድ ቀን ትነግረኝ ይሆናል። ባትነግረኝም እሷ አለችልኝ።

አንቺንም፣ መሪውን እንደያዝሽ ምን እንዳየሽ፣ ምን እንደሰማሽ አልጠይቅሽም። ልጅሽ «አክስቴ ለምን ቀረች?» ትላለች። ነይ። ከከበደሽ እጅሽን አንሺ፤ እኔም አቆማለሁ።

ፈጣሪ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ፤ መንገድሽን ወደ እኛ ያቅናው።

ሁልጊዜም ታላቅ እህትሽ