አለነ የዘለላት መስመር

ለልጄ ለአሻግሬ ያርጋል፣ አሰብ።

ይህን ብዕር የያዘችው የሺወርቅ ናት። አስቀድሜ መንገሬ ኋላ ከሌላ ሰምተህ እንዳትጠራጠር ነው። እጁ የእሷ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ ነው። ሳይታሸግ በፊት መርጌታ ኪዳነ ማርያምም ያነቡልኛል።

እንዴት ሰንብተሃል ልጄ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወገብህን የሚይዝህ ነገርስ ተወህ ወይ? ሚስትህ አበባ እንዴት ናት? ትንሿ ጥርስ አወጣች ወይ? እኛ፣ መድኃኔ ዓለም የተመሰገነ ይሁን፣ ደኅና ነን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ውርጩ ዘንድሮ ቀድሞ ቢወርድም የእኛን ማሳ እምብዛም አልነካውም። ቁልቁለት ላይ ጉልበቴ ያስቸግረኛል፤ ዳገቱን ግን ዛሬም ከጎረምሳ እኩል እወጣዋለሁ። እህትህ ስጦታም ደኅና ናት፤ የአንተ ስም ሲነሳ ግን ፊቷ ይጠቁራል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

በጥቅምት በአጎትህ ልጅ በአለነ እጅ የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። አባቴ በስተርጅናው ሚስት የሚያገባ ከሆነ ሳይዋዋል እንዳያገባ ብለሃል። ይኼ አላስቆጣኝም። እኔና እናትህ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያለ ወረቀት ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረናል፤ ዛሬ ግን ዘመኑ የወረቀት ነው። የሺወርቅም ባዶ እጇን የምትመጣ ሴት አይደለችም። ሁለት በሬና አንዲት በቅሎ አላት። ዳባት ያለውን ቤቷንም ለወንድሟ ልጅ ለቃ ነው የምትመጣው። የእሷ የእሷ፣ የእኔም የእኔ ተብሎ ቢጻፍ ምን ይከፋል ብዬ እሺ አልሁ።

ሽማግሌ ተሰበሰበ። ሁለት ምስክር በእኔ፣ ሁለት በእሷ። አለነ ቆሞ ወረቀትህን አነበበው። በታይፕ የተመታ፣ ነጭ፣ የሚያምር ወረቀት ነው። ሚስት ያመጣችው የሚስት፣ ባል ያለው የባል፣ አብረው ያፈሩት እኩል እያለ አንቆረቆረው። ደግ ነው አልን። እኔም አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍሁ።

ተራው የየሺወርቅ ሲሆን "እስቲ ልየው" አለች። አለነ ሳቀባት። "እትዬ፣ ይኼ የታይፕ ፊደል ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ሰሌዳ መሰለሽ እንዴ?" አላት። እሷም "ሀ የትም ቢጻፍ ሀ ነው፤ አምጣው" አለችው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የመጣ ጊዜ እኔ ዓይኔ ደክሟል እያልሁ ከማሳ ማሳ ስሸሽ፣ እሷ በሃምሳ ዓመቷ ከልጆች ጋር ተቀምጣ ምስክር ወረቀቷን ይዛ የወጣች ሴት ናት። ጣቷን ፊደሉ ላይ እያስኬደች አንድ በአንድ እየነጠለች አነበበች። ሽማግሌዎቹ ያዛጉ ጀመር። እኔም አፍሬ ምነው በበቃት እል ነበር። ስድስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። መለሰችና ደገመችው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ባል የሞተ እንደሆነ ሚስት አርባው ሳይደርስ ቤቱን ለባል ልጆች ለቃ ትወጣለች" ይላል አለች።

አለነ ይችን አላነበባትም ነበር። ዘለላት።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የተቆጣሁት እሷን ነው። ጣቴን ሰው ሁሉ እያየ አሳርፌ ነበርና፣ "ንባቡ ጠፍቶሽ ይሆናል" አልኋት። ክፉ አልመለሰችልኝም። ወረቀቱን ለመርጌታ አቀበለችና "እንግዲያ እርስዎ ያንብቡልን" አለች። መርጌታ አነበቡት። እንዳለችው አለ። ወደ እኔ ዞረው፣ "ያርጋል፣ ይኼ የአንተ ቃል ነው?" አሉኝ። በሰባ ሁለት ዓመቴ ሰው ፊት እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። አዎ ብል ክፉ ሰው ነኝ። አይደለም ብል በገዛ ጣቱ የተታለለ ሞኝ ነኝ። ሞኙን መረጥሁ።

አለነን ምነው ብለው፣ "አሻግሬ ነው፣ እሷን አታንብብላቸው፣ ይከፋቸዋል ያለኝ" አለ። እርግጥ ነው ከፍቶኛል። አንተን ጎንደር ድረስ በእግሬ ወስጄ ትምህርት ቤት ያስገባሁህ እንድታነብልኝ ነው፤ ከእኔ የሚሰወር እንድትጽፍ አይደለም።

በአለነ አፍ የእናቴ ቤት ነው ብለሃል። ነው። ምሰሶውን እኔና እሷ ነን ያቆምነው። ነገር ግን ቀድሜ የሞትሁት እኔ ብሆን ኖሮና፣ እናትህን አርባዬ ሳይወጣ ውጪ የሚላት ቢመጣ፣ አንተ ዱላህን አታነሳም ነበር? ይችን መልስልኝ።

የሺወርቅ በዚያው ቀን በቅሎዋን ጭና ወደ ዳባት ተመለሰች። ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ሽማግሌ ልልክ አልወደድሁም፤ ጥፋቱ በእኔ ጣት የደረሰ ነውና ራሴ ሄድሁ። ምን ተጽፎ ማየት ትፈልጊያለሽ አልኋት። "አንቱ፣ የሟቿን የሱፍ ባናዋንና የብር መስቀሏን ለስጦታ ያስጽፉ፤ የእሷን ለብሼ አልኖርም። ለራሴ እስከ ዕለተ ሞቴ ድረስ የምቀመጥበት ጣራ ይበቃኛል" አለች። ይኼን አልጽፍም ብላ አሁን ብዕሩን አስቀምጣ ነበር፤ ጻፊ ብዬ አስጽፌያታለሁ።

ባለፈው እሑድ በአዲስ ውል ተጋብተናል። ስድስተኛይቱን መስመር እኔ ነኝ የተናገርኋት፦ እኔ የሞትሁ እንደሆነ የሺወርቅን በሕይወት እስካለች ከዚህ ቤት የሚያስወጣት የለም፤ ከእሷ በኋላ ቤቱና ባሕር ዛፉ የአሻግሬና የስጦታ ነው። መሬቱ እንደሁ የገበሬ ማኅበሩ ነው፤ እሱን እኔም አላወርስህ፣ አንተም አትጠይቀኝ። ሦስት ጊዜ በሦስት ሰው አስነብቤ ነው ጣቴን ያሳረፍሁት። አንዱ ቅጂ እሷ ጋ፣ አንዱ መርጌታ ጋ፣ አንዱ ገበሬ ማኅበር ነው። ለአንተ የሚላክ የለም። ማየት ከፈለግህ ጥር ላይ መጥተህ እዚሁ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠህ አንብብልኝ። መስመር ሳትዘል።

የፊተኛውን ወረቀትህን ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። ልቀደው ስል የሺወርቅ ተዉት ብላ ነው። ጣቱ የእኔ ነው፤ ቃሉ አይደለም። መርጌታ ከግርጌው "ሳይነበብለት የፈረመ" ብለው ጽፈውበታል። ስታየው እፈር። እኔ አፍሬ ጨርሻለሁ።

ለአበባ፣ ለትልቁም ለትንሿም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። መርጌታ እግዚአብሔር ልብ ይስጠው ብለውሃል። ስጦታ ሰላም አትበሉልኝ ብላ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከበር ተመልሳ በሉልኝ ብላለች። የሺወርቅም ደኅና ሁን ትልሃለች። ይችን እኔ አላዘዝኋትም፣ ለምና ነው የጻፈቻት።

አባትህ ያርጋል።
ሰሜን፣ ደባርቅ፤ ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

በይ የሺወርቅ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። ያልሁትን ሁሉ። ያላልሁት ገብቶ እንደሆነም እሱንም አንብቢው።