የአማችሽ የቀን እንቅልፍ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። በስልክ ስንጫወት ከርመን ዛሬ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትይ፤ በአፌ ልነግርሽ የከበደኝ ነገር ስላለ ነው።

አማችሽ ደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። አይዞሽ፣ አትደንግጪ! ሐኪሟ ስለ ጨውም ስለ ቅባትም ጠይቃው ስታበቃ፣ እንቅልፉ ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀመጠች። ሰው ሲተኛ ልቡም ቀስ፣ ግፊቱም ዝቅ ይላል አለችን። ሌሊቱን ዳቦ ሲጋግር አድሮ ቀን በደንብ ካልተኛ ግን ልቡ ፋታ አያገኝም፤ የደም ሥሩም እየደነደነ ሄዶ ለልብ ሕመም ወይም ለስትሮክ ሊዳርገው ይችላል። እኔ ክው አልኩ። እሱ ሆዬ፣ "ኩንታል ዱቄት የሚሸከም ሰው ልቡን ምን ይነካዋል?" እያለ ይቀልዳል።

ሐኪሟ ቀን ምን እንደሚቀሰቅሰው ስትጠይቀው "ሁልጊዜ ቀትር ላይ የጎረቤታችን የአናጢው መዶሻ" አላት። እኔ ሞኟ በማግስቱ አናጢው ደጅ ቆሜ ወረድኩበት። ምስኪን፣ መዶሻውን አስቀምጦ ሰማኝና፣ "እህቴ፣ ቀትር ላይ እኔም ምሳ ላይ ነኝ። ይልቅ በግድግዳው በኩል በየቀኑ ‘አቤት እማማ! ኧረ አልተኛሁም እማማ!’ ሲል እሰማዋለሁ" አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ገብቼ ሳፋጥጠው፣ "ታዲያ አልጋ ላይ ተጋድሜ አማቴን ላናግር?" ብሎኝ እርፍ! ለካ በየቀኑ ቀትር ላይ ስትደውዪለት ከአልጋው ተነስቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያናግርሽ። "ቅር ይላቸዋል፣ እንዳትነግሪያቸው" ብሎም አስምሎኝ ነበር። መሐላዬን ያፈረስኩት ስለምሳሳለት ነው፤ እባክሽ ምስጢሩን ያዢልኝ።

አትደውዪ ግን አልልሽም። አንድ ቀን ከሥራ ቀርቼ ስልኩን አጥፍቼ ደበቅኩት። ቀትር ሲሆን ራሱ ባነነና፣ "እማማ ዛሬ አልደወሉም፤ ምን ሆነው ይሆን?" እያለ ሲቁነጠነጥ ዋለ። ስለዚህ ጠዋት ከሥራ እንደገባ ደውዪለት፤ ደህና መሆንሽን ሰምቶ ይተኛ።

እኔ የወለድሽኝ፣ ሳትደውዪ ብትቀሪ ትዝ የሚለኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እሱን ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ልጅሽ የቱ እንደሆነ እንግዲህ አንቺው ፍረጂ።

ዕድሜ ከጤና ጋር ያድልልኝ፤ ክፉሽን አያሰማኝ።

ቅናተኛዋ ልጅሽ